27 ሰከንድ የት የት ይታያል? የሴቶች 50 ሜትር የጀርባ ዋና ለተመልካች

በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 50 ሜትር የጀርባ ዋና ፍጻሜ 27 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አስነጥሳችሁ ቀና ስትሉ አልቋል። ብዙ ሰው ውድድሩን በጩኸት ያሳልፈዋል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ስም ያነብና "አሃ፣ እሷ ናት ለካ" ይላል፣ በቃ። ይህን የጻፍኩት ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው።

እኔ ድሮ በጀርባ እዋኝ ነበር፤ ስም ያተረፍኩ ግን አልነበርኩም። አሁን በትንንሽ ውድድሮች ላይ ሰዓት ያዥ ሆኜ ገንዳ ዳር እቆማለሁ። ትልልቆቹን እንደ እናንተው በስክሪን ነው የማያቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወንድሜ ጋር። ወንድሜ የሚያየው ክንድ ነው። "አየሽ እንዴት እንደምትቀዝፍ!" ይለኛል። ችግሩ ስምንቱም በጣም ጥሩ ይቀዝፋሉ። ክንድ እያዩ አሸናፊዋን መገመት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው። ይህ ውድድር በአብዛኛው የሚወሰነው የመጀመሪያዎቹ 15 ሜትሮችና የመጨረሻዎቹ 5 ሜትሮች ላይ ነው። ዓይናችሁን ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች ቆጥቡ።

ነገሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ቁጥር ልስጣችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 2023 ፉኩኦካ ላይ አውስትራሊያዊቷ ኬይሊ ማክኪዮን በ27.08 ወርቅ ወሰደች። አሜሪካዊቷ ሬጋን ስሚዝ በ27.11 ብር፣ እንግሊዛዊቷ ሎረን ኮክስ በ27.20 ነሐስ አገኙ። በዚህ ፍጥነት አንዲት ዋናተኛ በአንድ ሰከንድ 1.85 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ስለዚህ በወርቁና በብሩ መካከል የነበረው ርቀት አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። 2017 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ ባሰ። ብራዚላዊቷ ኤቲዬኔ ሜዴሮስ 27.14፣ የ2015 ሻምፒዮኗ ቻይናዊት ፉ ዩዋንሁዊ 27.15። ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ይህችን ታህል ልዩነት መሃል ገንዳ ላይ ሆኖ በዓይን የሚለይ ሰው የለም።

ከፊሽካው በፊት

መጀመሪያ የመስመሮቹን ድልድል አንብቡ። ማጣሪያው 16 ሰው ያሳልፋል። ሁለቱ ግማሽ ፍጻሜዎች ስምንት ያስቀራሉ። በፍጻሜው ከሁሉም ፈጣን የነበረችው መስመር 4 ላይ ትገባለች። ቀጥላ ያለችው 5 ላይ፣ ከዚያ 3፣ 6፣ 2፣ 7፣ 1፣ 8። መስመር 8 ላይ ያለችው ለጥቂት ያለፈችዋ ናት።

ግን መስመር 4ን ብቻ እያዩ መቀመጥ አይበጅም። በ50 ሜትር አንደኛና ስምንተኛ ሆነው ያለፉት ሰዓታቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነው የሚለያየው። አንዷ ግማሽ ፍጻሜ ላይ አጨራረሷ ተበላሽቶ ዳር መስመር ላይ ልትመደብ ትችላለች። እሷ ናት የምታስፈራው። እኔ ግማሽ ፍጻሜውን ሳይ ማን ስንት ሰዓት አመጣች ከሚለው ይልቅ፣ ግድግዳው ጋ ስትደርስ የተንሸራተተችው ማን ናት የሚለውን ነው ወረቀት ላይ የምይዘው። ይህች ነገ ልታስተካክለው የምትችለው ሰዓት አላት።

ማጣሪያውን የምታዩ ከሆነ ደግሞ ሰዓት አታባክኑ። ምድቦቹ ብዙ ሲሆኑ ፈጣኖቹ የሚከፋፈሉት በመጨረሻዎቹ ሦስት ምድቦች ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ለሌላ ደስታ እዩዋቸው፤ የአገራቸው ብቸኛ ተወካይ ሆነው የመጡ ዋናተኞች እዚያ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስምንተኛ ቦታ ላይ ሁለት ሰው እኩል ሰዓት ካመጣ ሁለቱ ብቻቸውን ድጋሚ ይዋኛሉ። በ50 ሜትር ይህ ብርቅ አይደለም። ካጋጠማችሁ እንዳያመልጣችሁ። ሁለት ሰው ብቻ፣ ሙሉ ገንዳ፣ ሁለቱም ደክመዋል። እኔ ከአንዳንድ ፍጻሜ አብልጬ እወደዋለሁ።

እግርና ሽንጥ

የጀርባ ዋና ከውሃ ውስጥ የሚጀመር ብቸኛው የዋና ስልት ነው። ዳኛው አጫጭር ፊሽካ ይነፋል፤ ተዘጋጁ ማለት ነው። ረጅም ፊሽካ ሲነፋ ውሃ ይገባሉ። በሁለተኛው ረጅም ፊሽካ ወደ ግድግዳው ተመልሰው መያዣውን በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ። አስጀማሪው ቦታ ያዙ ሲል ክንዳቸውን አጥፈው ራሳቸውን ወደ ላይ ይስባሉ። ከዚያ ጥሩምባው ይጮሃል። ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

አሁን ክንዱን ተዉትና እግሩን እዩ። የመነሻው ግድግዳ ላይ ሰዓት የሚይዘው ሰሌዳ ተገጥሟል፤ ሰሌዳው ያንሸራትታል። ድሮ ስንት ዋናተኛ እግሩ ሸርተት ብሎ እዚያው ቁጭ ብሏል። አሁን በትልልቅ ውድድሮች ላይ ከመነሻው የሚንጠለጠል የእግር ማስደገፊያ አለ። ከውሃው ወለል 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ድረስ ይስተካከላል። ዋናተኛዋ ራሷ ናት ልኩን የምትመርጠው። ሕጉ የሚጠይቀው የሁለቱም እግሮች ጣቶች ግድግዳውን ወይም ሰሌዳውን እንዲነኩ ነው። ጣትን የገንዳው ጠርዝ ላይ አጥፎ መቆንጠጥ ግን ክልክል ነው።

ማስደገፊያው ነገሩን ሁሉ ፈታው ብላችሁ እንዳታስቡ። 2019 ግዋንግጁ ላይ በወንዶች 100 ሜትር ማጣሪያ የጣሊያኑ ሲሞኔ ሳቢዮኒ ማስደገፊያው በተደጋጋሚ ከድቶት በመጨረሻ ብቻውን እንዲዋኝ ተፈቀደለት። አንድ ሰው፣ ባዶ መስመሮች፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ። ስለዚህ ውድድሩ ሊጀመር ሲል አንዷ ዞራ ማስደገፊያውን ደጋግማ ስትነካካ ካያችሁ ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ እያረጋገጠች ነው።

ጥሩምባው ሲጮህ ዓይናችሁን ሽንጧ ላይ አድርጉ። ጥሩ አነሳስ ያላት ዋናተኛ ሽንጧ ከውሃው በላይ ይነሳል። ጀርባዋ ቀስት ይሠራል። እጆቿ መጀመሪያ የገቡበት ቦታ ጭንቅላቷም፣ ዳሌዋም፣ እግሯም በተራ ይገባል። መጥፎ አነሳስ ያላት ደግሞ መቀመጫዋ ውሃውን እየጎተተ ይሄዳል፤ ውሃው ወደ ላይ ይረጫል። ስምንቱን በአንዴ ማየት ከባድ ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ሰውን ትቼ የውሃ ፍንጥቅጣቂ አያለሁ። ከሁሉም ያነሰ የረጨችው ማን ናት? ብዙ ጊዜ 15 ሜትር ላይ ከፊት የማገኘው እሷን ነው።

የውጤት ሰሌዳው ላይ የሚወጣው የምላሽ ጊዜ አያታልላችሁ። ከጥሩምባው እስከ እግሯ ግድግዳውን እስከሚለቅ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በጀርባ ዋና 0.5 እና 0.6 አካባቢ ታያላችሁ። ቶሎ የለቀቀች ሁሉ ጥሩ ተነሳች ማለት አይደለም። ግድግዳውን በደንብ ሳትገፋ የለቀቀችም ፈጣን ቁጥር ይወጣላታል። ወንድሜ ይህን ቁጥር ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል። ይወደዋ።

ከውሃ በታች

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ይህን ውድድር ያለዚህ ክፍል ማየት አይቻልምና።

1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ዴቪድ በርኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ100 ሜትር ጀርባ ከተነሳ በኋላ ወደ ላይ አይወጣም ነበር። እጆቹን ከጭንቅላቱ በላይ አጣምሮ፣ ሁለት እግሩን አንድ ላይ እንደ ዶልፊን እየመታ፣ ከ30 ሜትር በላይ በውሃ ውስጥ ይሄድ ነበር። በማጣሪያው በ54.51 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በፍጻሜው ጃፓናዊው ዳይቺ ሱዙኪ በ55.05 አሸነፈው። ሱዙኪም ቢሆን ረጅሙን መንገድ ከውሃ በታች ነበር የሄደው። የዋናው ዓለም ይህ ዋና ነው ወይስ ጠለቃ ብሎ ተከራከረና ገደብ አወጣ። መጀመሪያ 10 ሜትር፣ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ 15 ሜትር።

ያ ገደብ ነው ዛሬ የምናየውን ውድድር የሠራው። ለምን በውሃ ውስጥ ይፈጥናል? ላይኛው ወለል ላይ የሚሄድ አካል ማዕበል ይፈጥራል፤ ማዕበሉም ጉልበት ይበላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ከዚያ ይገላገላል። በዚያ ላይ ዋናተኛዋ ግድግዳውን ገፍታ ስትነሳ ያላት ፍጥነት በክንዷ ልታመጣው ከምትችለው ሁሉ ይበልጣል። የዶልፊን ምቱ ሥራ ያን ፍጥነት ቶሎ እንዳይሞት መያዝ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። የዚያ የዴቪድ በርኮፍ ልጅ ካትሪን በርኮፍ 2025 ሲንጋፖር ላይ የሴቶች 50 ሜትር ጀርባ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ሰዓቷ 27.08። አባትየው ያስወጣውን ገደብ ልጅቱ እስከ ጫፉ ትጠቀምበታለች።

እንግዲህ እንዴት እንየው? መጀመሪያ 15 ሜትሩን አግኙ። የመስመሮቹ ገመዶች እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ላይ ቀለማቸው የሚለይ ምልክት አላቸው። ጭንቅላቷ እዚያ ሳይደርስ ወይም እዚያው ላይ ከውሃ መውጣት አለበት። ካለፈች ትሰረዛለች። ውድድሩ ሳይጀመር ምልክቱን በጣታችሁ ስክሪኑ ላይ ንኩት። ቂል ቢያስመስልም ይጠቅማል፤ ጥሩምባው ከጮኸ በኋላ ስትፈልጉት ጊዜው ያልፋል።

ቀጥሎ ማን ቀድማ ወጣች በሚለው አትፍረዱ። ይህ የአዲስ ተመልካች ወጥመድ ነው። 11 ሜትር ላይ የወጣችው ለጥቂት ጊዜ ክንዷ ስለሚታይ የምትመራ ይመስላል። አሁንም በውሃ ውስጥ ያለችው ግን ምናልባት ቀድማታለች። ሁሉም እስኪወጡ ጠብቁ። ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው። ያኔ ጭንቅላቶቹን አወዳድሩ።

ይሁንና ረጅም መቆየት ለሁሉም አይበጅም። ምቷ ደካማ የሆነ ዋናተኛ 15 ሜትር ድረስ ብትቆይ ከ10 ሜትር በኋላ ያለውን በኪሳራ ነው የምትሄደው። ለእሷ ቶሎ ወጥታ መቅዘፍ ይሻላል። ስለዚህ የማየው ስንት ሜትር ቆየች የሚለውን ሳይሆን ምቷ መጨረሻ ላይ ዝግ ብሏል ወይ የሚለውን ነው። ከውሃ በታች ያለው ካሜራ በድጋሚ ሲያሳይ ምቶቹን ቁጠሩ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጋር እኩል ፈጣን ናቸው? ከሆኑ አደገኛ ናት።

ሦስተኛው ነገር አወጣጡ ነው። ከዶልፊን ምት ወደ ተራ በተራ የእግር ምት ትቀይራለች፤ አንድ ክንዷን ስባ ወለሉን ትሰብራለች። በዚያች ቅጽበት ፍጥነቷ ጉብ ብሎ መቅረት የለበትም። ጭንቅላቷ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከዘለለ ብሬክ ያዘች ማለት ነው። ዝቅ ባለ ማዕዘን ሸርተት ብላ ከወጣች ጥሩ።

ሌላው ቀርቶ አፍንጫ እንኳ የውድድሩ አካል ነው። በጀርባ ተንጋልሎ ውሃ ውስጥ መሄድ ማለት ውሃው ቀጥታ ወደ አፍንጫ የሚገባበት አቀማመጥ ነው። ያለማቋረጥ በአፍንጫ አየር ማስወጣት አለባት። አንዳንዶቹ የላይኛውን ከንፈራቸውን ወደ ላይ ገፍተው አፍንጫቸውን ይደፍናሉ። ድጋሚው ላይ ፊታቸው ለምን እንደዚያ እንደሚጨማደድ አሁን ታውቃላችሁ።

መሃሉ

መሃሉን አሳጥራለሁ። 50 ሜትር ላይ መዞሪያ የለም፤ ስለዚህ ከ15 እስከ 45 ሜትር ያለው ቀጥታ ቀዘፋ ነው። ሁለት ነገር ብቻ እዩ።

አንደኛው ጭንቅላት ነው። አካል ግራና ቀኝ ይንከባለላል፣ ትከሻ ይወጣል ይገባል፤ ጭንቅላት ግን ዝም ማለት አለበት። ጭንቅላቷ መወዛወዝ ከጀመረ ደክማለች።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። የጀርባ ዋናተኛ ወዴት እንደምትሄድ አታይም። የምታየው ጣራ ነው። ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ የጣራውን መስመር ተከትላ ትሄዳለች፤ ደጅ ከሆነ ደግሞ ሰማይና ፀሐይ ብቻ ነው። የአንድ መስመር ስፋት 2.5 ሜትር ነው። ወደ ገመዱ ከተጠጋች ክንዷ ይመታዋል፣ ምቷ ይዛባል። ገመድ መንካት በራሱ አያስቀጣም፤ ሰዓት ግን ይበላል። ከላይ የሚያሳየው ካሜራ ሲመጣ ማን መሃል ላይ እንዳለች ልብ በሉ።

ባንዲራውና ግድግዳው

ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ፣ ከውሃው ቢያንስ 1.8 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር የተንጠለጠሉ ትንንሽ ባንዲራዎች አሉ። ለጌጥ አይደሉም። ዋናተኛዋ ባንዲራውን ስታይ መቁጠር ትጀምራለች። እያንዳንዷ የራሷ ቁጥር አላት፤ ከባንዲራው እስከ ግድግዳው ይህን ያህል ቀዘፋ ብላ ልምምድ ላይ በቃሏ ያጠናችው። የገመዱም የመጨረሻ 5 ሜትር ቀለሙ ይለያል።

ችግሩ ቁጥሩ ልምምድ ላይ የተሠራ መሆኑ ነው። ፍጻሜ ላይ ፍጥነቷ ይለያል፣ ጡንቻዋም ደርቋል። ስለዚህ ቁጥሩ ግማሽ ቀዘፋ ሊያጥር ወይም ሊተርፍ ይችላል። ያኔ ሁለት ምርጫ አላት። አንድ ተጨማሪ አጭር ቀዘፋ መጨመር፣ ወይም እጇን ዘርግታ መንሸራተት። ሁለቱም ያስከፍላሉ። እኔ ገንዳ ዳር ሰዓት ይዤ ስቆም ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው፤ እጅ ተዘርግቶ፣ ግድግዳው ገና ሳይደርስ፣ ጊዜው ሲሄድ።

በደንብ የምትጨርሰዋ ምን ታደርጋለች? የመጨረሻው ክንዷ ሲሄድ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትወረውራለች። ትከሻዋን ትዘረጋለች። እግሯ እንደ ገና የዶልፊን ምት ይመታል። እጇ ሰሌዳውን ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመታዋል። ድሮ በዚህ ጊዜ አካሏ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ ትሰረዝ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። ጭንቅላቷ የመጨረሻውን 5 ሜትር ምልክት ካለፈ በኋላ ሙሉ በሙሉ መስጠም ተፈቅዷል። በበኩሌ ትክክለኛ ለውጥ ነው እላለሁ። በፊት በአንዲት ቅጽበት እግር ወይም ጣት ታየ አልታየ ብሎ መፍረድ ዳኛውንም ዋናተኛዋንም ማሰቃየት ነበር።

ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ዓይናችሁ ባንዲራው ጋ ቀድሞ ይድረስ። መሪዋን ተዉ። ከባንዲራው በኋላ ያለውን የእያንዳንዷን የመጨረሻ ክንድ ጠብቁ።

እዚህ ጋ ፉ ዩዋንሁዊን ሳልጠራ አላልፍም። 2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ100 ሜትር ጀርባ 58.76 ዋኘች። ካናዳዊቷ ካይሊ ማስም በትክክል 58.76። ሁለቱም ነሐስ ወሰዱ። ብሩን የወሰደችው አሜሪካዊቷ ካትሊን ቤከር ሰዓቷ 58.75 ነበር። ፉ ሜዳሊያ ማግኘቷን ያወቀችው ከጋዜጠኛዋ ነው። ብሩ በ0.01 እንዳመለጣት ሲነገራት ምናልባት እጄ አጥሮ ይሆናል ብላ ቀለደች። ቀልድ ይሁን እንጂ የጀርባ ዋና አጨራረስን በዚያ ልክ አሳጥሮ የገለጸው ሰው አላጋጠመኝም።

ሰዎች ደግሞ ይጠይቃሉ፤ እኩል ሲሆኑ ለምን አንድ ሺህኛ ሰከንድ አይታይም? ታይቶ ነበር። 1972 ሙኒክ ላይ በወንዶች 400 ሜትር የግል ድብልቅ (አንድ ሰው አራቱንም ስልቶች በተራ የሚዋኝበት) ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም መኪን በ0.002 ሰከንድ በልጦ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ተዉት። በጀርባ ዋና ፍጥነት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሁሉም መስመሮች በዚያ ልክ እኩል የሆኑበት ገንዳ የሚገነባ የለም። ስለዚህ እኩል ከሆኑ እኩል ናቸው።

ማን ተሰረዘች?

ሰሌዳው ላይ ሰዓት ወጥቶ ከጥቂት በኋላ አንዱ ስም ሲጠፋ ግራ አትጋቡ። በ50 ሜትር ጀርባ የተለመዱት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ቀድሞ መነሳት፣ 15 ሜትር ማለፍ፣ ወይም ግድግዳውን ስትነካ ከጀርባዋ ተገልብጣ መገኘት። ትከሻዋ 90 ዲግሪ ከደረሰ ጀርባዋ ላይ ናት አይባልም።

የ90 ዲግሪዋ ነገር ለማንም አታዝንም። ያቺ ፉኩኦካ ላይ ያሸነፈችው ማክኪዮን በዚያው ሻምፒዮና በ200 ሜትር የግል ድብልቅ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከጀርባ ወደ ደረት ስትቀይር ከመጠን በላይ ተገልብጣ ተሰርዛለች። ከዚያ ምን አደረገች? 50፣ 100 እና 200 ሜትር ጀርባን ጠራርጋ ወሰደች። በአንድ ዓለም ሻምፒዮና ሦስቱንም ያሸነፈ ከእሷ በፊት አልነበረም።

ሰዓቱ ጥሩ ነው?

ለዚህ ጥቂት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ሴቶች በ50 ሜትር ጀርባ በዓለም ሻምፒዮና መወዳደር የጀመሩት 2001 ፉኩኦካ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ሄይሊ ኮፕ ያሸነፈችበት ሰዓት 28.51 ነበር። ዛሬ በዚያ ሰዓት ፍጻሜ መግባት ያስቸግራል። 2007 ሜልቦርን ላይ ሌይላ ቫዚሪ በ28.16 የዓለም ክብረ ወሰን ይዛ አሸነፈች። በሁለት ዓመት ልዩነት፣ 2009 ሮም ላይ፣ ቻይናዊቷ ዣኦ ጂንግ 27.06 ዋኘች። እንዲህ ያለ ዝላይ ከየት መጣ? ሮም የፖሊዩረቴን የዋና ልብሶች ዓመት ነበር፤ አካልን አጥብቀው የሚይዙ፣ የሚያንሳፍፉ ልብሶች። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ታገዱ። የዣኦ ሰዓት ግን እስከ 2018 ሳይነካ ቆየ። ያን ዓመት ጃካርታ፣ የእስያ ጨዋታዎች ላይ ሊዩ ሺያንግ 26.98 ዋኝታ ከ27 በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። (የመሰናክል ሯጩን እንዳታስቡ፤ ስማቸው ነው የሚመሳሰለው።) 2023 ጥቅምት ቡዳፔስት ላይ ማክኪዮን 26.86 አደረሰችው።

ስለዚህ በልኬ እንዲህ ነው፦ 27.5 ፍጻሜ ላይ ያወዳድራል፣ 27.2 ሜዳሊያ ይሸታል፣ ከ27 በታች ከሆነ ከመቀመጫችሁ ተነሱ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሰማችሁት ሰዓት የየትኛው ገንዳ እንደሆነ ጠይቁ። 2024 ታኅሣሥ ሬጋን ስሚዝ ቡዳፔስት ላይ 25.23 ዋኘች። ያ በ25 ሜትር ገንዳ ነው። እዚያ መሃል ላይ ግድግዳ አለ፤ ገፍቶ እንደ ገና 15 ሜትር በውሃ ውስጥ መሄድ ይቻላል። ከ50 ሜትሩ 30ው ከውሃ በታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለቱን ሰዓቶች ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ይህ ርቀት እስካሁን በኦሊምፒክ አልነበረም። ለ2028 ሎስ አንጀለስ ግን ጸድቋል። ከአሁኑ ዓይናችሁን ብታለማምዱ አትጎዱም።

በተግባር

እኔ አንድን ፍጻሜ ደጋግሜ ነው የማየው። መጀመሪያ በቀጥታ፣ ከነድምፁ፣ ለደስታ። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቼ እስከ 15 ሜትር ብቻ አያለሁ። ሁሉም ሲወጡ አቆመዋለሁ። ወረቀት ላይ የስምንቱን መስመሮች ቁጥር ጽፌ፣ በዚያች ቅጽበት ያለውን ደረጃ በግምት እሞላለሁ። ከዚያ ባንዲራው ጋ አቆመዋለሁና እንደ ገና እሞላለሁ። ሦስተኛው ዓምድ የመጨረሻው ውጤት ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታዩ ማን በአነሳስ እንዳሸነፈች፣ ማን መሃል ላይ እንደ ተያዘች፣ ማን ግድግዳው ጋ ሜዳሊያ እንደ ጣለች ወዲያው ይታያል። ወንድሜ ይህን ወረቀት "የሒሳብ መዝገብ" ይለዋል። ግን ውጤት ከመገለጹ በፊት ማየት የሚፈልገው እሱ ነው።

በስልክ ሰዓት መያዝም ትችላላችሁ። ጥሩምባው ሲጮህ አስነሱ፣ እጇ ሰሌዳውን ሲነካ አቁሙ። ከውጤት ሰሌዳው ጋር ልዩነት ይኖረዋል፤ ጣት ይዘገያል፣ ስርጭቱ ግን ጥሩምባውንም ንክኪውንም እኩል ስለሚያዘገየው እሱ ችግር አይሆንም። ልጆች ይህን ይወዱታል።

50 ሜትሩን ከለመዳችሁ ወደ 100 እለፉ። እዚያ አዲስ የሚጨመረው መዞሪያው ነው። ግድግዳው አጠገብ በደረቷ መገልበጥ ይፈቀድላታል፤ ግን ከተገለበጠች በኋላ ሳትቆም በአንድ የክንድ ስበት ቀጥታ ወደ መዞሩ መግባት አለባት። ተገልብጣ ከተንሸራተተች ዳኛው እጁን ያነሳል። ከመዞሪያው በኋላ ያሉት 15 ሜትሮችም እንደ መጀመሪያዎቹ አይደሉም። ሳንባ ባዶ ሆኖ፣ እግር ተቃጥሎ ነው ውሃ ውስጥ የሚቆዩት። ብዙዎቹ እዚያ ላይ አሳጥረው ይወጣሉ። ያላሳጠረችውን ፈልጉ።

የድብልቅ ቅብብልንም መክፈቻ አትዝለሉት። አራቱ ስልቶች ሲቀባበሉ ጀርባ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነው፤ ከውሃ ውስጥ የሚነሳ ሰው ሌላ ሰው ግድግዳ እስኪነካ ተንጠልጥሎ ሊጠብቅ አይችልም። የመጀመሪያዋ ዋናተኛ ሰዓት እንደ ግል ሰዓት ይያዛል፤ ክብረ ወሰንም ይሆናል። 2019 ግዋንግጁ ላይ ሬጋን ስሚዝ በግል 100 ሜትር ጀርባ አልተወዳደረችም። የቅብብሉን መክፈቻ ግን በ57.57 ዋኝታ የዓለም ክብረ ወሰኑን ሰበረች። ስለዚህ የስልካችሁን ሰዓት ከመጀመሪያው ጥሩምባ ጀምሩና ሁለተኛዋ ዘልላ ስትገባ ዓይናችሁን አብራችሁ አታስኪዱ፤ ሰሌዳው የመጀመሪያዋን ሰዓት የሚያሳየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።